የሳይት ሄልሜት ለቼንሶ ሥራ ይሆናል?

ደብዳቤው የመጣው ከደሴ ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔና አጎቴ ቼንሶ (በሞተር የሚሠራ መጋዝ) ገዝተን በኩታበርና በቦሩ ሜዳ በኩል የገበሬ ባህር ዛፍ በኮንትራት እንቆርጣለን። አንድ ገመድ የሚይዝልን ልጅም አለ። ባለፈው ወር ደረቅ ቅርንጫፍ ወርዶ ትከሻዬን መታኝ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ያለ ሄልሜት ከቤት አትወጣም ብላ ይዛኛለች። አንድ ጓደኛዬ ቢጫ የሳይት ሄልሜት በነፃ እሰጥሃለሁ ብሎኛል፤ ካለቀ ፕሮጀክት የተረፈ ነው። ሌላው ደግሞ የሞተር ሄልሜትህን አድርግ ይለኛል። እህቴ ለአረፋ ከሳዑዲ ስትመጣ የቼንሶ የሚባለውን፣ ፊቱ ላይ ወንፊት ያለውን ላምጣልህ ትላለች። አጎቴ ግን ጆሮ የሚደፍን ነገር ማየት አይፈልግም። ዛፉ ሲሰነጠቅ ካልሰማሁ መሞቴ ነው ይላል። የቱን ልያዝ? ለሦስታችንም ውድ ውዱን ለመግዛት አቅም የለንም።»

አብሽር ወንድሜ። ትከሻህን ነክቶ ማለፉ ደግ ነው። እናትህም የያዙትን አይልቀቁ።

የሞተሩን ነገር ቶሎ እንጨርሰው፤ አይሆንም። የሞተር ሄልሜት የተሠራው ወድቀህ ከአስፋልት ጋር ስትጋጭ እንዲያድንህ ነው። ከባድ ነው። ይሞቃል። ሽቅብ ለማየት አይመችም። ዛፍ ቆራጭ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ነው የሚያየው። ትንሽ ከሠራህ በኋላ ላብ ሲያጠምቅህ አውልቀህ ጉቶ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ያኔ የሚያድነው ጉቶውን ነው።

የጓደኛህ ቢጫ ሄልሜት ግን እንዲሁ የሚጣል ነገር አይደለም። የቼንሶ ተብለው ከሚሸጡት ሄልሜቶች የብዙዎቹ ቆብ ከሳይቱ የተለየ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ሁለቱም የሚፈተኑት ኢኤን 397 በሚባል አንድ ደረጃ ነው። የቼንሶው ልዩነት የፊት ወንፊትና የጆሮ መከላከያ አብረው ተገጥመውለት መምጣታቸው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሳይት ነው ወይስ የጫካ አይደለም። ይኼኛው ሄልሜት ዕድሜው ስንት ነው? ምን ደርሶበታል? ጭንቅላትህ ላይስ ይቆያል?

ገልብጠህ ውስጡን እይ። 397 የሚል ቁጥር ወይም አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት ዜድ 89.1 ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ወይም ተለጥፎ ታገኛለህ። 812 የሚል ካየህ መልስለት። እሱ ቀለል ያለ ቆብ ነው። ጎንበስ ቀና ስትል ራስህን ዝቅ ያለ ቧንቧ ጋር እንዳትገጭ እንጂ ከላይ ለሚወርድ ነገር አልተሠራም። ምንም ምልክት ከሌለውም ተወው።

ቀጥሎ ቀኑን ፈልግ። አብዛኛው ሄልሜት ውስጥ እንደ ትንሽ ሰዓት ያለ ክብ ምልክት አለ። ዙሪያውን ከ1 እስከ 12 ወራቱ ተጽፈዋል። መሃሉ ላይ ቀስት አለ፤ ከቀስቱ ግራና ቀኝ የዓመቱ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። እዚህ ላይ እኛ አገር ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። 17 የሚል አይተህ «ኧረ ገና አዲስ ነው፣ የ2017 ነው» እንዳትል። የፈረንጅ 2017 ነው። በእኛ 2009 ወይም 2010 ዓ.ም. ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ለፕላስቲክ ቆብ የሚሰጡት ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ዓመት አካባቢ ነው። ካለቀ ፕሮጀክት የተረፈ ዕቃ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ይሁን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስንት ክረምትና በጋ እንዳሳለፈ ማን ያውቃል?

ፕላስቲክን ፀሐይ ይጎዳዋል። የደሴ ብርድ እንዳያታልልህ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር ፀሐዩ ባያቃጥልህም ጨረሩ ይበረታል። ስለዚህ አዲስ ስትገዛም፣ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሱቁ በር ላይ ለማሳያ የተሰቀለውን አትቀበል። ከውስጥ ከካርቶን ያልወጣ አምጣልኝ በል። የጓደኛህን ደግሞ በእጅህ ዳብሰው። ቀለሙ ከደበዘዘ፣ ዱቄት የመሰለ ነገር እጅህ ላይ ከቀረ፣ ወይም ጎንና ጎኑን ይዘህ ጨመቅ ስታደርገው ከተንጣጣ ሥራው አብቅቷል። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብታይም ያው ነው። መሬት ላይ እየወረወሩ መፈተን የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ አንተ ግን አታድርገው። ጥሩውንም ታበላሸዋለህ። አንድ ጊዜ ከባድ ነገር የመታው ሄልሜት ምንም ባይታይበትም መቀየር አለበት።

ሌላው ቀለም ነው። ሳይት ላይ የድርጅቱን ስም በቀለም ይጽፉበታል። ቀለም ውስጥ ያለው ማቅጠኛ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያደርቀዋል። ቤንዚንም እንደዚያው። አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤንዚንና ዘይት ስትደባልቅ ነው የምትውለው። ሄልሜቱን በዚያው ጨርቅ አትጥረገው። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።

ሰው ሁሉ የሚያየው ቆቡን ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ውስጥ ያለው ጥብጣብ ነው። ቆቡ ምቱን ይበትናል፤ ጥብጣቡ ይለጠጥና ኃይሉን ይውጣል። ለዚህ ነው በቆቡና በአናትህ መካከል ክፍት ቦታ የሚተወው፤ ቢያንስ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር። እዚያ ቦታ ላይ ሞባይል፣ ሲጋራ፣ የታጠፈ ብር የሚያስቀምጥ ሰው አይቻለሁ። የጫት ጥቅልም አይቻለሁ። ቦታው ባዶ የሆነው ለኪስ አይደለም። ጥብጣቡ ከተቆረጠ፣ ከተበጣጠሰ ወይም መያዣ ጥርሱ ከተሰበረ፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መለዋወጫ ካላገኘህ በቀር በሽቦና በሲባጎ አስሮ መጠቀም ራስን ማታለል ነው።

አሁን እናትህ እንዲያነቡት የማልፈልገውን ልንገርህ። ኢኤን 397 ላይ የሚደረገው ፈተና እንዲህ ነው። 5 ኪሎ ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ አናቱ ላይ ይለቀቅበታል። ከሥር ወዳለው የጭንቅላት ሞዴል የሚያልፈው ኃይል ከ5 ኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) መብለጥ የለበትም። 5 ኪሎ ከ1 ሜትር ማለት በጉልበቱ ግማሽ ኪሎ ከ10 ሜትር ማለት ነው። እንግዲህ የእጅህን አንጓ የሚያህል፣ 1 ሜትር የሚረዝም እርጥብ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ አስብ። 2 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ከ10 ሜትር ከወረደ የፈተናውን አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው። ፈተናው ዝቅተኛው ልክ ስለሆነ ጥሩ ሄልሜት ከዚያ በላይም ሊችል ይችላል። ግን በዚህ አትተማመን። ግንድ ከሆነማ ነገሩን ተወው፤ የትኛውም ሄልሜት አይችለውም።

ስለዚህ ሄልሜት አደረግሁ ብለህ ዛፍ ሥር መቆምህን አታብዛ። ቼንሶውን ከማስነሳትህ በፊት ዛፉን ዞረህ አናቱን እይ። የደረቀና የተንጠለጠለ ነገር ካለ አቅጣጫህን ቀይር። እኛ አገር ባህር ዛፍ ተጠጋግቶ ነው የሚተከለው። አንዱ ሲወድቅ የጎረቤቱን ቅርንጫፍ እየገነጠለ ነው የሚሄደው። የተገነጠለው ሁሉ አብሮ አይወርድም። አንዳንዱ ተንጠልጥሎ ይቆይና አንተ ግንዱን ልትከትፍ ስትጠጋ ይለቀቃል። ትከሻህን የመታህ ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ዛፉ ከወደቀ በኋላ ራቅ ብለህ ትንሽ ቆይ፤ አናት አናቱን እይ፤ ከዚያ ግባ።

የአገጭ ማሰሪያ ይኑረው። ሽቅብ ስታይ ወደ ኋላ፣ ጎንበስ ስትል ወደ ፊት የሚወድቅ ሄልሜት ምት በሚመጣበት ደቂቃ አናትህ ላይ አይገኝም። ማሰሪያው ቅርንጫፍ ይዞት ቢያንቀኝስ ብለህ አትስጋ። በኢኤን 397 ደረጃ ማሰሪያው ከ15 እስከ 25 ኪሎ የሚያህል ኃይል ሲስበው እንዲለቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ዛፍ ላይ ወጥቶ ለሚቆርጥ ሰው ግን የተራራ መውጫው ዓይነት ይሻላል፤ የእሱ ማሰሪያ በቀላሉ አይለቅም። እናንተ ከመሬት ስለምትሠሩ እሱ አያሳስባችሁ።

አሁን ወደ አጎትህ እንምጣ። የእሳቸውን ነገር በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመጥረቢያና በመጋዝ የሠሩ ሰው ዛፉን በጆሮ ማዳመጥ ለምደዋል። በመጥረቢያ ጊዜ ትክክል ነበሩ። ቼንሶ ግን ነገሩን ቀይሮታል።

ቼንሶ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ቆራጩ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። በጤና ባለሙያዎች ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው ዳሩ። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርስ የሚቀርህ 15 ደቂቃ ነው፤ ለቀኑ በሙሉ። አጎትህ ያንን 15 ደቂቃ ቁርስ ሳይበሉ ነው የሚጨርሱት።

እንዲያ እየጮኸ ባለ ሞተር መሃል የእንጨቱ የመጀመሪያ ስንጥቅታ አይሰማም። የመጨረሻው ትልቁ ይሰማ ይሆናል፤ ያኔ ግን ዛፉ ጉዞ ጀምሯል። የሚያስጠነቅቀው ዓይን ነው። መጋዙ የሄደበት ክፍተት መስፋት ሲጀምር ይታያል። የዛፉ ጫፍ ሲነቃነቅ ይታያል። ገመድ የያዘው ልጅ ደግሞ ከሩቅ ጫፉን ከእናንተ ቀድሞ ያየዋል። እጁን ሲያነሳ ሞተሩን አጥፉና በተዘጋጀው መንገድ ወደ ኋላ በሰያፍ ውጡ። ይህን ምልክት ዛሬውኑ ተስማሙበት።

ሌላም ነገር አለ። የቼንሶ ጩኸት መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ስንጥቅታ ደግሞ ከቀጫጭኖቹ ውስጥ ነው። ማታ ቤት ሲገቡ ጆሯቸው ጭው ይላል? ቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨምሩልኝ ይላሉ? ሰው ሲያወሩት «እ?» ይላሉ? እንዲህ ከሆነ የሚሳሱለት ጆሮ እየሄደ ነው። በዚሁ ከቀጠሉ ሞተሩ ጠፍቶም ስንጥቅታው የማይሰማበት ቀን ይመጣል። ይህን አንተ አትንገራቸው፤ ከወንድማቸው ልጅ ሲሰሙት ይከፋቸዋል። ጋዜጣው ላይ ወጥቷል ብለህ አንብብላቸው።

ሄልሜት ላይ የሚገጠመው የጆሮ መከላከያ ጥሩ ነገሩ በአንድ እጅ ወደ ላይ መነሳቱ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ያነሱታል፤ ዛፉን በደንብ ያዳምጣሉ፤ ሲያስነሱ ይመልሱታል። ጥጥ ጆሮ ውስጥ መወተፍ ግን ዋጋ የለውም፤ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። መከላከያው የሚሠራው ደግሞ ዙሪያውን ቆዳ ላይ ሲገጥም ነው። ከሥሩ ሻርፕ ወይም የሹራብ ኮፍያ ካለ ድምፁ በክፍተቱ ይገባል።

ስለ ኮፍያ ካነሳን አይቀር፣ የደሴ ማለዳ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ፎጣ ጠምጥሞ ላዩ ላይ ሄልሜት ይደፋል። ስስ ኮፍያ፣ ለሶላት የምታደርገው ዓይነት፣ ችግር የለውም። ወፍራም የሹራብ ኮፍያ፣ የታጠፈ ፎጣና የጋቢ ጫፍ ግን ሄልሜቱን ከቦታው ያነሱታል፤ ያን ክፍት ቦታም ይሞሉታል። ብርዱ ካስቸገረህ አንገትህን ጠቅልል። ወደ ኮምቦልቻና ሐርቡ ስትወርዱ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ ሙቀት ነው የሚያስወልቀው፤ ጎኑ ላይ የአየር ቀዳዳ ያለው ይመረጣል። ቀዳዳ ያለው ከኤሌክትሪክ አይከላከልም፤ ግን የመብራት መስመር ሥር ያለ ዛፍ በየትኛውም ሄልሜት አትንካ። ለመብራት ኃይል ሰዎች ነግረህ መስመሩ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚነካው።

ቀለሙ ደማቅ ብርቱካናማ ቢሆን እመርጣለሁ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሲወርድ አምስት እርምጃ ላይ ያለ ሰው ይጠፋል፤ አንተ ደግሞ ዛፍ የምትጥልበት አቅጣጫ ላይ ማን እንዳለ ማወቅ አለብህ። ቢጫም ይሆናል። አረንጓዴና ቡናማ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

የፊት ወንፊቱ ስንጣሪና ጭራሮ ይመልሳል። ጉም የማይይዘው፣ ላብ የማያደበዝዘው ስለሆነ ከፕላስቲክ መስታወት ይሻላል። የመጋዝ ዱቄት ግን ያሳልፋል። ከሥሩ ግልጽ የሥራ መነጽር አድርግ። ቼንሶው ጫፉ ነክቶ ወደ ፊትህ ቢወረወር ወንፊቱ ያቆመዋል ብለህ ግን እንዳታስብ፤ ሰንሰለትን አያቆምም።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ለአንድ ሰው ውዱን ከመግዛት ለሦስት ሰው መካከለኛውን መግዛት ይሻላል። በተለይ ለልጁ። ባለቤቱ የሌለ ዕቃ እንደሚረሳ ሁሉ ደብዳቤህ ላይ ስለ እሱ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍከው። እሱ ሽቅብ እያየ ገመድ ይስባል፤ ቅርንጫፉም ወደ እሱ ነው የሚመጣው። ገመዱን አርዝሙለት፤ ቢያንስ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ። የምትከፍሉት ከሆነ አሠሪው እናንተ ናችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረቡን ግዴታ አሠሪው ላይ ነው የጣለው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የጓደኛህ ቢጫ ሄልሜት ምልክቱም ቀኑም ጥብጣቡም ካለፈ፣ የአገጭ ማሰሪያ ግዛለትና ለልጁ ይሁን። ካላለፈ አዲስ የሳይት ሄልሜት ግዙለት። ለአጎትህም አዲስ የሳይት ሄልሜት፣ ጎኑ ላይ የጆሮ መከላከያ ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው፤ ከመክፈልህ በፊት መከላከያው እዚያው ሱቅ ውስጥ ሲገጥም እይ። ሁሉም በሁሉም ላይ አይገጥምም። እህትህ የምታመጣው ያንተ ነው። እሷ እስክትመጣ ያለ ሄልሜት አትሥራ፤ የአጎትህን ተራ በተራ አድርጉ። ቼንሶውን የያዘው ሰው ያድርገው፤ የሌለው ራቅ ይበል።

ለእህትህ የምትጽፍላት መልእክት አጭር ይሁን። በእናትህ የልብስ ሜትር ከቅንድብህ ከፍ ብሎ የራስህን ዙሪያ ለካና በሴንቲሜትር ንገራት። የቼንሶ ሄልሜት፣ ወንፊትና የጆሮ መከላከያ ያለው፣ ከኋላ በእጅ እያሽከረከሩ የሚያጠብቁት በላት። ከመክፈሏ በፊት ውስጡ ያለውን ክብ የቀን ምልክት ፎቶ አንስታ ትላክልህ። የላብ መምጠጫውንና የጥብጣቡን መለዋወጫ አብራ ካገኘች ትያዝ፤ እዚህ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። ሻንጣ ውስጥ ከባድ ዕቃ እንዳይጫነው በልብስ ትሙላው። ገንዘብ ከተረፋት ሁለተኛ ሄልሜት አታምጣ፤ የቼንሶ ሱሪ ታምጣ። ቼንሶ እግር ላይ ብዙ ጊዜ ያርፋል፤ የሱሪው ክር ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያቆመው። የሱሪውን ቁጥር ስትልክላት የአጎትህንም ጨምር፤ የሚበቃ ገንዘብ ካላት ሁለት ታደርገዋለች።